ተረኛዋ እኔ ነኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ «ቀንድ አውጣዎቹ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ እኛ ነን። ቤታችንን ይዘን ስለምንዞር የከተማው ሰው ያወጣልን ስም ነው። ሌላው ለዕረፍቱ ባሕር ዳር ወርዶ ሆቴል ሲይዝ፣ እኛ ከመኪናችን ኋላ ትንሽ ቤት ቀጥለን ወደ ደጋው እንወጣለን፤ ሜዳ ላይ እናድራለን፤ በተራ እንመጋገባለን፤ እንመለሳለን። ዛሬ መንገዱ እንደ ልብ ስለማያስወጣ ቤቶቹ በየግቢው ቆመው ዶሮ ይሰፍርባቸዋል። የምነግራችሁ ግን መንገዱ ክፍት በነበረበት፣ ጥቅምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ ወዴት ነው?» እንባባል በነበረበት ጊዜ ስለገጠመኝ ነገር ነው።

ማኅበሩን የጀመረው ባሌ ሙሉቀን ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ብየዳ ቤት ነበረው። ከተገለበጠ ሚኒባስ የተረፈ የኋላ እግር ከነጎማው አግኝቶ በላዩ የብረት አጽም በየደበት፣ በላሜራ አለበሰው፣ ውስጡን በቺፑድ ሸፈነው፣ ታጣፊ አልጋና የቡታጋዝ ቦታ አበጀለት፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባውና ከአሮጌው ፒካፓችን ኋላ አሰረው። ሰው «ሙሉቀን ለየለት» አለ። ዓመት ሳይሞላ ያው የሳቀው ሰው «ለኔም ሥራልኝ» እያለ መጣ። ስድስት አባወራ ስንሆን ማኅበር ሆንን። የኛ አገር ሰው ሁለት ሆኖ ከተቀመጠ ማኅበር ሳይጠጣ አይነሣምና ሕጋችንን ሁሉ ከጽዋ ማኅበር ወሰድነው። ሙሴ የምንለው አለቃ አለን። በወጣን ቁጥር ሁሉንም የሚያበላ ተረኛ አለን። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ እንደሚዞር፣ በኛ ማኅበር የሚዞረው ትልቁ ብረት ድስት ነው። ስንመለስ ድስቱን ይዞ ቤቱ የገባ ሰው የሚቀጥለው ተረኛ እሱ ነው። ድስቱ የማይገባበት ቤት ማኅበርተኛ አይደለም ማለት ነው።

ሁለት ልማዶች ደግሞ ነበሩን፤ ኋላ ስለሚያስፈልጓችሁ አሁን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጉዞ ስንወጣ ከፊት የሚነዳው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ነው። ታናሽ ታላቁን አይቀድምም፤ «በዚህ አይሻልም ወይ?» ብሎም አያርመውም። ሁለተኛ፣ ተሳቢ እንዳሰረ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው አልነበረንም። ማዞር ካስፈለገ ተሳቢው ከመኪናው ይፈታና ወንዶቹ ተሰብስበው በእጅ ይገፉታል፤ እየዘፈኑ ስለሚገፉት ጨዋታም ነበር። ሜዳ ላይ ምንም ችግር የለውም።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። በሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት አስተምራለሁ። የስድስቱንም ቤት መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከተሳቢው ጎን ተወጥሮ እንደ ዳስ የሚሆነውን ወፍራም ሸራም ለሁሉም የሰፋሁት እኔ ነኝ። መርፌው ጣቴን እየበሳው ነው የሰፋሁት። ግን ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ሙሉቀን ነበር፤ እኔ የሙሉቀን ሚስት ነበርኩ። ልዩነቱ የገባኝ እሱ ሲሞት ነው።

ሙሉቀን ታሞ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ማኅበሩ በልቅሶው ላይ አንጀት የሚያርስ ነገር አደረገ፤ ድንኳኑን የተከሉት፣ ሰውን ያስተናገዱት እነሱ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን የሙሉቀን ተራ ሲደርስ «ሐዘንተኛ ናት፣ አናስቸግራት» ተብሎ ድስቱ እኔን ዘሎ ሄደ። በሚቀጥለውም ዘለለኝ። ሰማያዊው ቤት ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ሣር በቀለበት። በመጨረሻ ሙሴው ጋሽ ልየው ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲናገሩ አሁንም ሰልፍ ፊት የቆሙ ነው የሚመስለው። የመጡት የሙሉቀን ታናሽ ወንድም አስማረ ቦታውን እንዲወርስ ነው። ተሳቢውንም ቦታውንም ይያዝ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ጋራ ላይ አታድርም፣ ደግሞስ ማን ይገፋልሻል፣ አሉኝ በለሰለሰ አንደበት።

እኔ ራሴ እጎትተዋለሁ አልኳቸው። ሳቁ፤ በክፋት አይደለም። ከዚያ የማልረሳውን ቃል ተናገሩ።

«እንግዲያውስ በጥቅምት ነይ። ቤቱን ራስሽ አውጥተሽ ራስሽ ከመለስሽው ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነ አስማረ ይያዘው። ተስማማን?»

«ተስማማን ጋሼ» አልኳቸው።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቷል። ያን ክረምት በሙሉ ዝናብ ባባራ ቁጥር ማለዳ ተነሥቼ ከከተማው ዳር ያለ ሜዳ ላይ ሰማያዊውን ቤት ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድኩ። ለምን ወደ ኋላ? የሚገፋልኝ እንደሌለ ጋሽ ልየው ነግረውኛላ። ባዶ ጀሪካኖች ደርድሬ በመካከላቸው ለማለፍ እሞክራለሁ፤ ጀሪካኖቹን ረጋግጫቸው አልፋለሁ። ተሳቢ ግራ ያጋባል፤ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩት እሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ የሚሄዱ ሰዎች ቆመው ያዩኝና ያማትባሉ። አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ሰይጣን ነው እንዲህ የኋሊት የሚያስኬድሽ» ብለውኛል። መስቀል ሲደርስ ጀሪካኖቹ መውደቅ አቆሙ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት መጣ። የቀሩትን ሠርግና ልቅሶ ይዟቸው ሦስት ተሳቢ ብቻ ሆነን ወጣን። ከፊት ጋሽ ልየው ናቸው፤ አስማረ ከጎናቸው ጋቢና ተቀምጧል፤ ቤቴን ሊረከብ ነው እንግዲህ። ቀጥሎ ከማል ነው፤ ወሎዬ ሙስሊም ነው፣ ለማስተማር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ለማኅበሩ ሲባል የጾም ቀን ለኛ የሚጾም፣ እኛም ሥጋ በተበላ ቁጥር በጉን በሱ እጅ የምናሳርደው ጨዋ ሰው። መጨረሻ ላይ እኔ። ባሌ የመሠረተው ማኅበር ውስጥ «አዲስ ስለሆንሽ ከኋላ ሁኚ» ተባልኩ። ችግር አታመጣም ብለው ያሰቡት ቦታ ያ መሆኑ ነው። ተሳቢው እንዲቀለኝ ብዬ ፍራሼንና ሸራዬን ፒካፑ ላይ ጭኜ ቤቱን ባዶውን ጎተትኩ።

የጋሽ ልየው ባለቤት እትዬ አበራሽ እግራቸው ተሰብሮ ጀሶ ላይ ነበሩ። ቤት ይቅሩ ቢባሉ «ከነጀሶዬም ቢሆን» ብለው እንቢ አሉ። ጋቢና ውስጥ እግራቸውን መዘርጋት ስላልቻሉ ጋሽ ልየው ተሳቢው ውስጥ አልጋው ላይ አስተኟቸው። ከማል ይህን አይቶ ጆሮዬ ላይ «ሰው እኮ እዚያ ውስጥ አይጫንም» አለኝ። ለኔ ከምትነግረኝ ለሳቸው ንገራቸው አልኩት፤ ዓይኑን ሰበረ። ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። እድሜ ልካቸውን ሲነዱ እንደኖሩ፣ ሚስታቸውን ከኔ ይልቅ እሳቸው እንደሚያስቡላት ነግረውኝ በሩን ዘጉት።

ሮብ ገበያን አልፈን መንገዱ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ሲል እንግዶ የሚባለው የደጋ እህልና ገብሱ በግራም በቀኝም ቢጫ ሆኖ ነበር። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ከሙሉቀን ሞት በኋላ አልነበረም። መስኮቴን ከፍቼ ብቻዬን ዘፈንኩ። ብዙም አልሄድን፣ ያለ ጊዜው ዝናብ መጣ። መጀመሪያ ጉም ወረደ፤ ከዚያ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ። ከመንገዱ ጎን ሰፊ ሣር ያለበት መስክ ነበርና ከማል የመኪናውን ጥሩምባ ነፍቶ እዚህ እንቁም ለማለት መብራቱን አበራ አጠፋ። ጋሽ ልየው አልቆሙም። ታላቅ ካልቆመ ታናሽ አይቆምምና ተከተልናቸው።

መስኩን አልፈን ሁለት ኩርባ እንደወጣን ከፊት ረጅም ጥሩምባ ሰማሁ። የማያቋርጥ ጥሩምባ። ፒካፑን አቁሜ ጎማው ሥር ታኮ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ።

መንገዱ እዚያ ጋር በስተግራው የተቆረጠ ግንብ የመሰለ አፈር ነው፤ በስተቀኙ ገደል፣ ታች ወንዝ። የጋሽ ልየው መኪና ጎማው ጭቃው ላይ ተሽከርክሮ ወደፊት አልሄድ ብሏል። ተሳቢያቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ በስተግራ ካለው አፈር ጋር ተጣብቋል። በሩ ያለው በዚያ በኩል ነው። በሩ አይከፈትም። መስኮቱስ? ሙሉቀን ለሌባ ብሎ በሁሉም ቤት መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ በይዶበታል። ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ቦዩን ሞልቶ ተሳቢው ሥር እየገባ አፈሩን እየበላ ነው። አስማረና ከማል ከጎማው ኋላ ድንጋይ ቢከምሩም ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ተሳቢው ሲጥ ይላል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ይቆማል።

ከውስጥ የእትዬ አበራሽ ድምፅ ተሰማ፤ ሳይጮኹ ነው የተናገሩት።

«ልየው፣ ውኃው አልጋው ጋ ደርሷል።»

ጋሽ ልየው መሪውን ጨብጠው ተቀምጠዋል፤ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ካነሡ ያልቃል። ፊታቸው አመድ መስሏል። አስማረ የኛን ሁለቱን ተሳቢዎች እንደ ልማዳችን ፈተን በእጅ ወደ ታች እንግፋቸው አለ። መንገዱ ከተከፈተ የጋሽ ልየውን ቀስ ብለን እናወርደዋለን፣ በሩም ከአፈሩ ይላቀቃል አለ። ግማሹ ልክ ነበር። ግማሹ ግን ሁላችንንም የሚጨርስ ነበር።

ይኼ ሜዳ አይደለም አልኳቸው፤ ጭቃ ቁልቁለት ላይ የተፈታ ተሳቢ የሚገፋውን ሰው ይዞ ነው የሚወርድ። ከመኪናው ሳይፈታ ነው ወደ ኋላ መነዳት ያለበት። እስከ መስኩ ድረስ፣ ሁለቱን ኩርባ፤ የጋሽ ልየው መኪና ቢያመልጥ ከሥሩ ማንም መኖር የለበትም። መጀመሪያ መውረድ ያለባት ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት። መጨረሻ ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

«ቁልፉን ስጪኝ» አለኝ አስማረ እጁን ዘርግቶ።

«ወደ ኋላ ነድተህ ታውቃለህ?»

«አንቺስ?»

«አውቃለሁ» ብዬው ሮጥኩ። ተከትሎኝ መጣ። ጋቢና ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። መስታወቱን ደበደበ፣ አልሰማሁትም። ከማል ግን ቶሎ ገባው፤ ከኋላዬ ሄዶ ቆመና ዝናቡ እየመታው በእጁ መንገዱን ያሳየኝ ጀመር።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፍኩት። ሰማያዊው ቤት እንደ ገራም በቅሎ እሺ አለኝ። አስማረ መደብደቡን ትቶ ከፊቴ ቆሞ እያየኝ ነበር። ሁለተኛውን ኩርባ ጀመርኩ፤ መስኩ በጉሙ ውስጥ ታየኝ። ልክ ያኔ የመንገዱ ጠርዝ ከተሳቢው ቀኝ ጎማ ሥር ተናደ።

ቤቱ ወደ ገደሉ ዘመም አለ። የፒካፑ ኋላ አብሮ ተነሣ፣ ወደ ጎን ጎተተኝ። ፍሬን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ወረድኩ። ከማል ታኮውን ከጎማዎቹ ሥር እየወሸቀ ነበር። አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላውን ጭቃ ብቻ ነው የያዘው። የሰፋሁት መጋረጃ በመስኮቱ ወጥቶ ይርገበገብ ነበር።

ለመጎተት ሞከርኩ፤ ጎማው ዝም ብሎ ዞረ። አስማረ ሮጦ ደረሰ። ገመድ እናስረው፣ የአገሩን ሰው እንጥራ፣ ከሮብ ገበያ ትራክተር ይምጣ አለ። ትራክተር እስኪመጣ ይመሻል። መንገዱ ተዘግቷል፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከላይ ጥሩምባው እንደገና ተሰማ፤ አሁን ረዘመ።

ከፒካፑ ላይ የሙሉቀንን መዶሻ አወጣሁ። አስማረ ያሰብኩት ገባውና ክንዴን ያዘ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሐሰተኛ እንባ አልነበረም።

«ይኼ የወንድሜ ላብ ነው» አለኝ። «በሕይወት እያለ የሠራው፣ ከሱ የቀረን ይኼ ብቻ ነው።»

«አስማረ፣ ይኼ ቤት ባዶ ነው። ያኛው ውስጥ ሰው አለ።»

«ከጣልሽው ማኅበሩም ቀረብሽ። ጋሽ ልየው ያሉትን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ክንዴን ልቀቅ።»

ለቀቀኝ። መጀመሪያ የመጠባበቂያውን ሰንሰለት ፈታሁ። ከዚያ ተሳቢውን ከፒካፑ ጋር የሚያያይዘውን ፒን መታሁ። ሙሉቀን ራሱ ቀጥቅጦ የሠራው ነው፤ የሠራው ነገር ሁሉ የሚነቀል አልነበረም። እንደገና መታሁ። አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ መታሁ። ከሱ ጋር የተኛሁበት አልጋ እዚያ ውስጥ ነበር። የሚያሾፍብኝ ነገር ሁሉ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ራሴን ሲመታኝ የሚስቀው ሳቅ እዚያ ውስጥ ነበር። ፒኑ ወጣ። ፒካፑ ዘሎ ቀና አለ። ቤቱ ትንሽ ያመነታ መሰለኝ፤ ከዚያ ሄደ። ላሜራው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ታች ድረስ ይሰማ ነበር። ዞሬ አላየሁም።

ፒካፑን መስኩ ላይ አቁሜ ሽቅብ ሮጥኩ። ከማል ጋቢናው ገብቶ ነበር። ከቶ ወደ ኋላ ነድቶ አያውቅም፤ ከኋላው ቆሜ እጄን ዘረጋሁለትና መሪውን እኔ ወደማሳይህ አዙር፣ ሌላ ምንም አታስብ አልኩት። አምላኩን እየጠራ፣ ወደ አፈሩ በኩል አጥብቆ፣ ቀስ ብሎ ወረደልኝ። የተናደችዋንም ቦታ አለፈ።

ከዚያ ወደ ጋሽ ልየው ተመለስኩ። በመስኮታቸው ቆምኩ። ያ ሰልፍ የሚያሰልፍ ድምፅ ጠፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ መስታወቱን አይዩ። እኔን ብቻ ይዩ። ዛሬ እኔ የምልዎትን ያደርጋሉ።»

«ወዴት ላዙር?» አሉኝ። በሕይወታቸው እንዲህ ብለው ሰው የጠየቁ አይመስለኝም።

ወደ ግራ አልኳቸው፣ አዞሩ። ይበቃል አልኳቸው፣ መለሱ። ተሳቢው አፈሩን እየፋቀ ትንሽ ወረደ፣ ተላቀቀ። ይቁሙ አልኳቸው። በሩ ተከፈተ። ከማልና አስማረ እትዬ አበራሽን በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጧቸው። ጀሶው ርሶ ተልፈስፍሷል። መሬት ሲያስቀምጧቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ድስቱን አውጡት፣ ውኃ ገብቶበታል» የሚል ነበር። የዚያን ቀን ተረኞች እሳቸው ናቸዋ።

ጋሽ ልየውን እስከ መስኩ ድረስ በእጄ እያሳየሁ አወረድኳቸው። ፊተኛው ኋለኛ ሆኖ ገባ ማለት ነው።

መስኩ ላይ ሰፈርን። ዝናቡ አባራ። እትዬ አበራሽን ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ብንላቸው «ጀሶ ነው እንጂ የራሰው እኔ አይደለሁም፣ ነገ ይደርሳል» ብለው ተቀምጠው ወጡን ራሳቸው አማሰሉ። ከማል ያረደው በግ ነበር፤ በላን። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጋሽ ልየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ መረቁኝ። «ዛሬ ወንድ ነሽ» አሉኝ። «አበራሽን ለኔ መለስሽልኝ፤ ይህን ውለታ የልጅ ልጄም አይረሳውም።» ከዚያ ቀጠሉ፤ ቀጠሉና ልቤን ሰበሩት። እንግዲህ ቤቱን እግዜር ወሰደው፣ ከእንግዲህ አትንገላቺ፣ ዛሬ ከኛ ጋር ከአበራሽ ጎን ታድሪያለሽ፣ በወጣን ቁጥርም እንግዳችን ነሽ፤ የሙሉቀንን ቦታ አስማረ ይዞ አዲስ ቤት ያሠራበታል አሉ። በፍቅር ነበር ያሉት። በጥላቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኳቸው። «እናንተ ቤት ግን አላድርም።»

«የት ልታድሪ?»

«ቤቴ።»

እርስ በርስ ተያዩ። የደረሰብኝ ነገር አእምሮዬን የነካው መስሏቸዋል። ተነሥቼ ሸራዬን ከፒካፑ አወረድኩ። አንዱን ጫፍ ከፒካፑ ጎን አሰርኩ፣ ሌላውን በችካል ወጠርኩ፣ ፍራሼን ከሥሩ አነጠፍኩ። እጄ ያውቀዋል፤ ስፌቱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አስማረ ይበርዳታል አለ። ይበርደኛል አልኩት።

የዚያን ጊዜ እትዬ አበራሽ «እኔንም እዚያ ውሰዱኝ» አሉ። ጋሽ ልየው ደነገጡ። እሳቸው ግን ያን ፍርግርግ ያለበትን ሳጥን ዛሬ አልገባም ብለው ቁርጥ አደረጉት። ተሸክመው አምጥተው ከጎኔ አስተኟቸው። የጮቄ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ተጠጋግተን ተኛን። ሸራው አንዲት ጠብታ አላስገባም።

ማለዳ ጉሙ ሲገለጥ ድስቱ ታጥቦ ሣሩ ላይ ተደፍቷል። ጋሽ ልየው አስማረን ጠሩት፤ ሊያስረክቡት ነው። እኔ ሸራዬን እያጠፍኩ ነበር። ጣልኩትና ሄጄ ድስቱን አነሣሁ። ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ አቀፍኩት።

«ትርንጎ፣ ድስቱን አስቀምጪ» አሉ ጋሽ ልየው። «ቃል ቃል ነው። ቤቱን አውጥተሽ ከመለስሽ ነበር ያልነው። አልመለስሽውም።»

«አልመለስኩትም» አልኳቸው። «ግን እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ፤ ማኅበርተኛው ተሳቢው ነው ወይስ ሰው? ተሳቢው ከሆነ ገደል ውስጥ ነው፤ ድስቱን እዚያ ይውሰዱለት። ሰው ከሆነ ግን ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

አስማረ መሬት መሬት ያያል። እኔ ድስቱን አላስቀመጥኩም። ክንዴ እስኪዝል ቆምኩ። ቢነጥቁኝ እንኳ እንደማልለቅ ለራሴ ወስኜ ነበር።

እትዬ አበራሽ ከሸራው ሥር እንደተቀመጡ «ልየው» አሉ። «ክዳኑን ስጣት።»

ጋሽ ልየው ክዳኑን ከሣሩ ላይ አነሡ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። አመጡና ድስቱ ላይ ገጠሙልኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው ገጠመኜ። «ምን ቀየረብሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ ነገር ነው። በቤቶቹ ሁሉ መስኮት ላይ ያለው ፍርግርግ ተቆረጠ፤ የቆረጥነው በሙሉቀን መሣሪያ ነው። ሰው ተሳቢ ውስጥ መጫን ቀረ። አሁን ከፊት የሚነዳው መንገዱን የሚያውቀው ነው፤ ታላቅ ከሳተም ይነገረዋል። ጋሽ ልየው ራሳቸው ሜዳ ላይ ጀሪካን ደርድረው ወደ ኋላ መንዳት ሲለማመዱ የከተማው ሰው አይቷቸዋል። አስማረ ግን እስከ ዛሬ «የወንድሜን ቤት ገደል የጣለች» ይለኛል። ይበል። ጥያለሁ። ነገም ሰው ውስጡ ያለበትና ባዶ የሆነ ቤት ቢያማርጡኝ የምጥለው ባዶውን ነው።

«ወንድ ነሽ» ላሉኝ ሁሉ ደግሞ መልስ አለኝ። ሴት ነኝ። የነዳሁትም፣ ያለቀስኩትም፣ ፒኑን የመታሁትም ሴት ሆኜ ነው። ሙያ ሲገኝ ስም መቀየር ምን ይሉታል? እናንተም ቤት «ተራሽ ተዘለለ፣ ለራስሽ ታስቦ ነው» የተባለች ሴት ካለች ይህን ንገሩልኝ፤ እየራሩ የነጠቁትም ነጠቃ ነው።

በተራዬ ያበላኋቸው እዚያው መስክ ላይ ነው፤ ሆን ብዬ። ቤት የለኝም፣ አላሠራሁም፤ ሸራዬን ወጠርኩ፣ ሁሉም ከሥሩ ተቀመጠ። ታች ወንዙ ማዶ አንድ ገበሬ ሰማያዊውን በር ከገደሉ አውጥቶ የበግ ጋጣ መዝጊያ አድርጎታል። ሙሉቀን ቢያየው ደስ ይለው ነበር፤ የሠራው ነገር ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይወድም።

ከዚያ ወዲህ ድስቱ ዞሮ ዞሮ እንደገና እኔ ዘንድ ደረሰ፤ እኔ ዘንድ እንዳለ መንገዱ ተዘጋ። አስማረ ባለፈው ደውሎ፣ መቼ እንደምንወጣ አይታወቅም፣ ድስቱ ሰፊ ቤት ቢቀመጥ አይሻልም ወይ ይለኛል። አይሻልም አልኩት። መንገዱ ሲከፈት ሸራዬን ጭኜ፣ ድስቱን ጋቢና ከጎኔ አስቀምጬ እወጣለሁ። እስከዚያ ድረስ አቧራ እንዳይጠጣ ክዳኑን ገጥሜ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ድስቱ እኔ ቤት ነው።